ከበግ የተረከብኩት ሥራ

ሰው ሥራ ሲይዝ ከሰው ነው የሚረከበው። እኔ ከበግ ነው የተረከብኩት። በጉ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከእኔ የተሻለ አብራሪ ነበር። አይጮህም፣ አይንፈራገጥም፣ ሲወድቅም የማንንም እናት አይሳደብም። ተነስቶ ይራገፍና ሣሩን መንጨት ይቀጥላል።

አብራሪ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። ደባርቅ ላይ አውሮፕላን ነበረን። ሠሪዋ ጋሽ ክንዴ ናቸው። ጋሽ ክንዴ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ሆነው ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ገቡ። ሌላው ጡረተኛ አገሩ ሲገባ ላም ይገዛል፤ እሳቸው ባሕር ዛፍ ገዙ፣ ቀርከሃ ገዙ፣ አንድ ጣቃ አቡጀዲም ጨመሩ። ባለቤታቸው እትዬ ጤናዬ አቡጀዲውን አይታ፣

«ለመገነዣ ነው?» አለቻቸው።

«ለክንፍ ነው።»

«ያው ነው» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ሞተር የላትም። ከቁልቁለት ላይ በቅሎ በገመድ ይጎትታታል፣ ስትነሳ አብራሪው ገመዱን ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የነፋሱና የእግዜር ጉዳይ ነው። የደባርቅ ሰው «የክንዴ አልጋ» ነው የሚላት፤ እውነትም ክንፍ ያበቀለ አልጋ ነው የምትመስለው። ጨርቋ ነፋስ እንዳያሳልፍ ጋሽ ክንዴ ተልባ ቀቅለው ይቀቧታል። አንድ ቀን ተልባው እስኪደርቅ ደጅ ቢያቆሟት የጎረቤት በሬ መጥቶ ግራ ክንፏን ልሶ ልሶ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረጋት። እንግዲህ እዩት፤ የደብረ ዘይቱን አውሮፕላን ሚሳይል ይመታዋል፣ የእኛን በሬ ይልሳታል።

ጋሽ ክንዴ ግን ዝም ብለው ሰው አይጭኑም። «ሙከራ ማለት፣» ይላሉ፣ «ዛሬ ትንሽ ወድቀህ፣ ነገ ብዙ እንዳትወድቅ ማለት ነው።» መጀመሪያ አንድ ኩንታል የማይሞላ ገብስ ጫኑባት፤ ገብሱ ተበተነና የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ሰርግ ሰረገ። ቀጥለው በጉን ጫኑ። በጉ ተረፈ። ከበጉ ቀጥሎ ሰው ነው።

ሰው ደግሞ እኔ፣ ታገኘ።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ያኔ ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ቀበሌው ሁሉ ወጣት ሙላ ተብሏል። የእኛ ሊቀመንበር ጓድ ማዕረግ ይባላል፤ ድሮ ጨርቅ ሰፊ ነበር፣ አሁን ሰው ይለካል። ታላቅ ወንድሜ አሻግሬ በፊት ዘምቶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። እናቴ እናናዬ ጥቁር አትለብስ ነገር፣ እንደ ሰው አትስቅ ነገር፣ መሀል ላይ ቀርታለች። የቀረሁላት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለዘመቻ ቀርቶ ለገበያ ብትልከኝ ግማሹን መንገድ ሸሽቼ የምመለስ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ጓድ ማዕረግ ተነሳና «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!» አለ። ይሄን ቃል ይወደዋል፤ ዝናብ ሲመታው እንኳ ይለዋል። ቀጠለና «ጓድ ክንዴ የሠራው አውሮፕላን በላብ አደሮች ቀን፣ እንግዶች ከጎንደር ሲመጡ ይበራል። አብራሪ የሚሆን ሰው ለአብዮቱ አስፈላጊ ባለሙያ ስለሆነ ከዘመቻ ይቀራል» አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ እጄ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር።

«ምን ተምረሃል?» አለኝ።

«እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። ግን ከዛፍ ወድቄያለሁ፣ ከበቅሎ ወድቄያለሁ፣ ከቤተስኪያን አጥርም ወድቄያለሁ። የመውደቅ ልምድ ከተፈለገ አገር ብታስሱ ከኔ የተሻለ አይገኝም።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ክንዴ ግን አልሳቁም። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ቀጭን ነው፤ ይሆናል» አሉ። በዕድሜዬ ለሥራ «ይሆናል» ሲሉኝ የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴን ፈራኋት። ታለቅሳለች፣ ታንቀኛለች ብዬ ዞር ዞር ብዬ ነገርኳት። እሷ ግን ጥጧን ማባዘቷን እንኳ አላቆመችም።

«ከዚህ ሜዳ አይርቅም አይደል?» አለች።

«የት ይርቃል ብለሽ ነው? ሞተር የለው።»

«በል ሂድ። ከሰማይ ብትወድቅ ሬሳህን አነሳዋለሁ። አሻግሬን የት ብዬ ልፈልገው?»

ሥራ የጀመርኩት በሁዳዴ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ክንዴ ወደ ገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ወሰዱኝና የእህል መመዘኛው ባስኩላ ላይ አቆሙኝ። ባስኩላውን ካንዴም ሁለቴ አዩት። ከዚያ ወንበሬን በእኔ ልክ አንድ ቦታ ላይ በሚስማር መቱት። «እንግዲህ፣» አሉኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አንተ የራስህ አይደለህም፤ የአውሮፕላኗ አካል ነህ። ወንበሩ ክብደትህን አውቆ ነው የተቀመጠ። ፀጉርህን እንኳ ሳትነግረኝ እንዳትቆረጥ።»

«ጥፍሬንስ ጋሼ?»

«ጥፍርህን ቁረጥ፣ ቆሻሻ።»

ሙከራው ከከተማው በላይ፣ ወደ ሊማሊሞ መውጫ ካለው ተዳፋት ላይ ነው። ቁልቁለቱ ሲያልቅ የድንጋይ ካብ አለ፤ ከካቡ ወዲያ የስብሰባው ሜዳ ነው። ስንነሳ ከተራራው ከጊች መንደር የመጡ ሁለት በቅሎዎች ገመዱን ይዘው ይሮጣሉ፣ እኔ ደግሞ እንደ ቄስ ጥምጥም በጨርቅ ተጠምጥሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «አቡዬ፣ አቡዬ» እላለሁ። ጋሽ ክንዴ «ዓይንህን ግለጥ! የጨፈነ አብራሪ ምን ያደርግልኛል!» ብለው ከኋላ ይሮጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ከመሬት የተነሳነው ከተገለበጠ ቁና ቁመት አይበልጥም። በሁለተኛው በቅሎዎቹ ወደ ቀኝ ዞሩ፣ እኔ ወደ ግራ፤ ገመዱን መልቀቅ ረስቼ ኖሮ እንደ ጥሻ ፍየል እየጎተቱ እሾህ ለእሾህ ወሰዱኝ። በሦስተኛው የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ገባሁ። ባለድንቹ ዱላ ይዞ ሲመጣ ከወንበሬ ተፈትቼ የሮጥኩት ሩጫ፣ አውሮፕላኗ ያንን ሩጫ ብትሮጠው አዲስ አበባ ደርሳ ነበር።

ግን ለመድኩት። ነውር ቢሆንም ልናገር፤ ወደድኩት። ጾሙ ሲገፋ፣ እኔ በሽሮና በድንች ከስቼ ቀንበጥ ሳክል፣ አውሮፕላኗም እየቀለላት መጣ። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ካቡ ጋ ለመድረስ ትንሽ ነው የቀረን። ሣሩ ከእግሬ ሥር ወደ ኋላ ሲሄድ፣ ክንፏ እየተንሳፈፈ አቡጀዲው «እፍፍ» ሲል፣ ዓይኔን ገልጬ ነበር። ጋሽ ክንዴ ደርሰው «አየህ? አየህ?» እያሉ ትከሻዬን ደበደቡት። ሌላ ቃል ጠፍቷቸው ነው። «አሁን ምኗንም አትንኩብኝ። በሚያዝያ ሃያ ሦስት ካቡን ታልፋለች» አሉና በሸራ ሸፈኗት።

ምኗንም አልነካንም። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዲት ሚስማር አልነካንም።

ከዚያ ፋሲካ ገባ።

የፋሲካ ለት ጋሽ ክንዴ «ና ግደፍ» ብለው ቤታቸው ጠሩኝ። በጉን አርደውታል፤ ያንን በግ። «ለአየር ኃይላችን ብዙ ደክሟል፤ በሌላ ሰው አፍ ከሚገባ በእኛ ይግባ» አሉ። መጀመሪያ አዘንኩ። ሥራ ያስረከበኝ፣ አለቃዬ ማለት ነው። ቅልጥሙን ስይዝ ግን ሐዘኑ ቀለለኝ። «ድገም» አሉኝ፣ ደገምኩ። እትዬ ጤናዬ «ጠላውን እኮ አልነካኸውም» አለችኝ፣ ነካሁት።

በማግስቱ ነገሩ ባሰ። ሰዉ ሁሉ፣ ልጁ ለላብ አደሮች ቀን ይሞታል ብሎ ቆርጦ ኖሯል። ሟች ደግሞ በባዶ ሆዱ አይሸኝም። በየደጁ ሳልፍ «ታገኘ፣ ግባ!» ነው። ጠላ ሻጯ እትዬ ገበያነሽ ዶሮውን ከነድስቱ አቀረበችልኝ።

«በቃኝ እትዬ።»

«ብላ እንጂ! ለተዝካርህ የማዋጣውን በቁምህ ልስጥህ ብዬ ነው። ያኔ አንተ አትቀምሰው፣ ቄሶቹ ናቸው የሚበሉት።»

ነገሩ እውነት ስለመሰለኝ ቄሶቹን ቀደምኳቸው። ረቡዕ የለ፣ ዓርብ የለ፣ ጾም የለ። ጠዋት አንዱ ቤት፣ ቀን ሌላው ቤት፣ ማታ ደግሞ ዕቁብተኞቹ ጋ። የራሴን ተዝካር ሳምንቱን ሙሉ እየዞርኩ በላሁት። ጋሽ ክንዴም ያዩኛል፣ ጉንጬ ሞላ፤ «አማረብህ!» ይሉኛል። ሁለት ወር ሙሉ ክብደቴን ሲያሰሉ የኖሩ ሰውዬ፣ ፋሲካ እንደሚመጣ አላሰሉም። ማንስ ያስባል? በሁዳዴ ለክቶ በፋሲካ የሚያበር አውሮፕላን የሠራ ከእኛ አገር በቀር የት አለ?

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ደረሰ። ሜዳው ቀይ በቀይ ሆኗል። የኪነት ቡድኑ ከበሮና ጽናጽል ይዞ ቆሟል፣ የጎንደር እንግዶች ጥላ ሥር ወንበር ላይ ናቸው። ከእነሱ ኋላ ደግሞ አንድ ኦራል የጦር መኪና ቆሟል። ሸራ የለበሰ ነው፤ ከሸራው ሥር የተያዙት ዘማቾች ታጭቀዋል። በዓሉ ሲያልቅ ይሄዳል።

ጓድ ማዕረግ ቁልቁለቱን ወጥቶ መጣና በጆሮዬ፣ «ካቡን ካለፍክ ስምህን እሰርዘዋለሁ። ካላለፍክ መኪናው ያውልህ፣ ቦታ አለው» አለኝ።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ክንዴ ጠፍሩን በሆዴ ላይ አሳልፈው ሊያስሩኝ ሳቡ። አልደረሰም። እንደገና ሳቡ። ጠፍሩን አዩት፣ ሆዴን አዩት፣ ከዚያ ፊቴን አዩት።

«ታገኘ፣ ምንድን ነው የበላኸው?»

«በጉን ነዋ!»

«ሌላስ?»

«ሌላማ፣ ጋሼ፣ ደባርቅን በሙሉ!»

ራሳቸውን ያዙ። «አፍንጫዋ ይከብዳል። ትነሳና ትደፋለች። ወንበሩን ወደ ኋላ መሳብ አለብኝ» ብለው መዶሻ ሲያነሱ ጓድ ማዕረግ እጃቸውን ያዘ።

«እንግዶቹ ሰዓታቸውን እያዩ ነው! ዛሬውኑ፣ አሁን!»

«አሁን ከሆነ እኔ እቀመጥባታለሁ» አሉ ጋሽ ክንዴ። እውነታቸውን ነው። ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ። «እኔ ፋሲካም ቢሆን ጨጓራዬ አይፈቅድልኝም፣ ያው ቀጭን ነኝ።»

«አይሆንም ጋሼ፣ እኔ ነኝ አብራሪው» አልኩ። ጀግና እንዳልመስላችሁ። እሳቸው በርረው ካቡን ቢያልፉ ከዘመቻ የሚቀሩት እሳቸው ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ደግሞ ማን ያዘምተዋል? ከጸጋው እኔ ልጠቀም ብዬ ነው።

ታዲያ ክብደት መቀነስ አለብኝ። ጋቢዬን ጣልኩ፣ ኮቴን ጣልኩ፣ ኮንጎ ጫማዬን ወረወርኩ። ጋሽ ክንዴ አሁንም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሱሪዬን አወለቅኩ። ከታች የቀረችኝ ግልገል ሱሪ ብቻ ናት፤ እናቴ ከአውሮፕላኗ ትራፊ አቡጀዲ የሰፋችልኝ። ከታች አንዲት ኮረዳ «ውይ፣ ከአልጋዋ ጋር አንድ ጣቃ ናቸው!» ስትል ሰማኋት፣ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ክንዴ ጠፍሩን ጫፉ ላይ በወስፌ በስተው፣ በጉልበታቸው ገፍተው አሰሩኝ። «ይሄ እንግዲህ ያለቢላ አይፈታም» አሉኝ። ትንፋሽ ስለሌለኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

በቅሎዎቹ የሚነሱት ጋሽ ክንዴ «ሂድ!» ሲሉ ነው፤ እንደዚያ ነው የለመዱ። የኪነት ቡድኑ ግን ጓድ ማዕረግ እጁን ሲያነሳ አየና ከበሮውንም ጽናጽሉንም ባንዴ አወረደው። የጊች በቅሎ ጽናጽል የት ያውቃል! በረገጉ። እንደዚያ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም፤ ጅብ ያባረራቸው ነው የሚመስል። ድንጋዩ፣ ሣሩ፣ ጥርሴ፣ ሁሉም ተንገጫገጨ፤ ከዚያ ባንዴ ጸጥ አለ።

ገመዱን ለቀቅሁ። ተነስተናል።

ካቡ ከሥሬ አለፈ። የምምል ሰው አይደለሁም፣ አሁን ግን እምልላችኋለሁ፣ ካቡ ከእግሬ ሥር ሲያልፍ የበቀለበትን እሬት አየሁት። የቤቶቹ ቆርቆሮ፣ የሰዉ አፍ እንደተከፈተ፣ እናቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና፤ ከዚያ ወዲያ የስሜን ተራራ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ። «አልፌያለሁ! እማ፣ ቀረሁልሽ!» ብዬ ጮህኩ።

ያኔ አፍንጫዋ ማዘቅዘቅ ጀመረ።

መሪውን ወደ ሆዴ ሳብኩት። ሆዴ ግን ቀድሞኝ እዚያ ነበር፤ መሪው የሚሄድበት ቦታ የለም። የጎንደር እንግዶች ወንበራቸውን ጥለው ተደፉ። በላያቸው አለፍኩ። ከነሱ ኋላ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። በደባርቅ ያን ያህል ሜዳ፣ ያን ያህል ድንች ማሳ እያለ፣ ያቺ አልጋ ሌላ የምትተኛበት ቦታ ጠፍቷት ኦራሉ ላይ ሄደች።

ሸራውን ቀደድነውና ውስጥ ገባን። ሸራ የያዘው ብረት ተጣመመ፣ ክንፏ ተሰበረ፣ አቡጀዲው ዘማቾቹ ላይ ወረደ። የመኪናው ጠባቂዎች ለማየት ወደ ፊት ሄደው ኖረዋል፤ ከላያቸው ሳልፍ ቦምብ መስሏቸው መሬት ልሰዋል። ከአቡጀዲው ሥር አንዱ ብቅ አለ፣ ግራ ቀኝ አየና ዘለለ። ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ጆንያው እንደተቀደደ ባቄላ ፈሰሱ። በክንፏ ሥር፣ በጅራቷ ላይ፣ በትከሻዬ ላይ ሳይቀር እየረገጡ ወደ ተራራው ነጎዱ።

«ፍቱኝ! እኔንም ፍቱኝ እንጂ!» እላለሁ።

አንዱ ደግ ልጅ ቆመና ጠፍሩን ታገለ። «በቢላ ካልሆነ አይሆንም ወንድሜ» አለኝ። «እግዜር ይስጥልን!» ብሎ ሄደ።

ዘማቾቹን የሚወስደው መቶ አለቃ ሽጉጡን ይዞ ሲደርስ መኪናው ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ በግልገል ሱሪ፣ ከወንበር ጋር ታስሬ።

«የት ሄዱ?»

«ሄዱ፣ ጌታዬ።»

«አንተስ?»

«እኔማ መምጣቴ ነው።»

ጓድ ማዕረግ እየሮጠ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ጓድ ሊቀመንበር!» አልኩት፣ «ካቡን አልፌያለሁ! አይተዋል!» ጋሽ ክንዴም ከኋላው እያለከለኩ «አልፏል! ሺህ ሰው ምስክር አለው! ባለሙያዬ ነው፣ ቃል ገብተህለታል!» ይላሉ።

መቶ አለቃው ወደ ጓድ ማዕረግ ዞረ። «መኪናው ባዶ ሆኗል። በአንተ ቀበሌ ነው ባዶ የሆነው። ይሄ ማነው?»

ጓድ ማዕረግ እኔን አየ፣ ሽጉጡን አየ፣ ወደ ተራራው የሚሮጡትን አየ።

«ዘማች ነው» አለ። «በገዛ ፈቃዱ።»

ጠፍሩን በሳንጃ ቆረጡልኝና ከወንበሬ ለዩኝ። የአውሮፕላኗን ስብርባሪ አራግፈው መንገድ ዳር ጣሉት። ጋሽ ክንዴ አጠገቡ ቁጭ አሉ። እናቴ ግን የጣልኩትን ልብስ ሁሉ ለቅማ መጣች። አንዱ ወታደር ሊከለክላት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወ። አላለቀሰችም። ሱሪዬን ዘረጋችና እንደ ልጅነቴ አንድ እግር፣ አንድ እግር አድርጋ አለበሰችኝ። አልገባ ያለውን ቁልፍ ታግላ ታግላ ተወችው።

«አየሁህ» አለችኝ። «ከፍ ብለህ ነበር።»

«አልፌ ነበር እኮ እማ።»

«አልፈሃል። ጋቢውን እንዳትጥል፣ ብርድ ነው።»

መኪናው ተነሳ።

ዳባት ላይ የጎደለውን ሊሞሉ ከመንገድ ያገኙትን ሁሉ ለቃቅመው ጫኑ። የተቀደደው ሸራ እየተራገበ፣ ተቃቅፈን ስንሄድ ወሬ ተጀመረ። አንዱ ከጠላ ቤት ነው የተያዝኩ ይላል፣ አንዱ ጨው ሊገዛ ወጥቶ። ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ?»

«እኔ በራሴ አውሮፕላን ነው የመጣሁ።»

አላመኑኝም። አንዱ ግንባሬን በመዳፉ ዳሰሰና «ተመቷል» አላቸው፤ ተሰብስበው ዳቦ ሰጡኝ። በላሁት።

ኮሶዬ ስንደርስ መኪናው ውኃ ለመጨመር ቆመ። በተቀደደው ሸራ ወደ ገደሉ አየሁ። ነፋሱ ከታች ከቆላው ተነስቶ ገደሉን እየታከከ ሽቅብ ነው የሚወጣ። ሁለት አሞራዎች ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ ዝም ብለው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ በቅሎ የለ፣ ገመድ የለ፣ ጽናጽል የለ። ያ ሁሉ ቁልቁለት ስንንከባለል እዚህ እንዲህ ያለ ነፋስ ኖሯል።

አንድ ሰውዬ አህያ እየነዳ ወደ ላይ ያልፋል። አንገቴን አወጣሁ።

«አባቴ! ወደ ደባርቅ ነዎት?»

«ወደ ዳባት ነኝ ልጄ።»

«ይሁን፣ ለሚያልፍ ሰው ይንገሩልኝ! ለመካኒኩ ለጋሽ ክንዴ! ወንበሯ ወደ ኋላ አንድ ስንዝር ትሳብ! ሁለተኛዋን ሲሠሩ ደግሞ ኮሶዬ ያምጧት፣ ነፋሱ እዚህ ነው!»

ሰውዬው እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ማን አለ ልበል?» አለኝ።

«አብራሪው ይበሏቸው!»

ወታደሩ በሰደፍ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና «ተቀመጥ!» አለ። ተቀመጥኩ። ሰውዬው ግን አህያውን አቁሞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ «ወደ ኋላ፣ አንድ ስንዝር፣ ወደ ኋላ» እያለ ሲያጠናው ይታየኝ ነበር።